ለሽንት ብቻ

ጉንቮር ቆሻሻ አይታ ዝም ብላ ማለፍ አልተፈጠረባትም። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አርባውን ዓመት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሠርታ ጡረታ ወጥታለች፤ የሰው ልጅ ምን ያህል ዝርክርክ እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ፀጉር የተጠቀለለበት የውኃ መውረጃ፣ ማንኪያ ላይ የደረቀ እንቁላል፣ ማጠቢያው ዳር የተተፋ የጥርስ ሳሙና፣ ኤጭ! ገና ሲወራላት ፊቷ ይጨማደዳል። ባሏ ቱሬ፣ "አንቺ እኮ ገነት ብትገቢ መጀመሪያ የምታዪው መጸዳጃ ቤቱን ነው" ይላታል።

"ታዲያስ! ገነት መሆኑን በምን ልወቅ?" ትለዋለች።

ሁለቱ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየበጋው፣ ስዊድን ውስጥ ከቲቬደን ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ሐይቅ ዳር ተጎታች ቤታቸውን አቁመው ይከርማሉ። ለዕረፍት የሚመጡበት የድንኳን ሰፈር ርካሽ ነው። ርካሽ የሆነውም ሠራተኛ ስለሌለው ነው፤ ሁለት መጸዳጃ፣ አንድ ሻወር፣ አንድ የዕቃ ማጠቢያ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የተራ ሰሌዳ። ድንኳን የተከለም፣ ተጎታች ቤት ያቆመም በተራው ያጸዳል። ጉንቮር የራሷን ተራ አጽድታ የሌላውንም ትደግማለች፤ ከዚያ ወረቀት ትለጥፋለች። በስዊድን ሰው ሲናደድ አይጮህም፣ ወረቀት ይለጥፋል፤ የእሷ ግን ከጩኸት ይብሳል። "እናታችሁ እዚህ የለችም!" "ፀጉራችሁን ይዛችሁ ሂዱ!"

የመጀመሪያውን ወረቀት የለጠፈችው ግን ተጎታች ቤቱን የገዙ ዕለት፣ በገዛ ራሳቸው መጸዳጃ በር ላይ ነው። ከአልጋው በስተኋላ ያለች፣ እንደ ቁም ሳጥን የጠበበች መጸዳጃ ናት። "ለሽንት ብቻ!" ይላል ወረቀቱ። ለትልቁ ጉዳይ ሰማንያ እርምጃ ተሂዶ የሰፈሩ መጸዳጃ ቤት አለ። "እኔ በምተኛበት ቤት ውስጥ? በሕልምህም እንዳታስበው!" ብላ ነገሩን ዘጋችው። ቱሬም ያለ አንዳች ክርክር ሕጓን አክብሮ ኖረ።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ፣ የዚያ አገር በጋ ሲጋመስ፣ ታዲያ ጉድ መጣ።

አንድ ማለዳ ጉንቮር የሰፈሩን የቀኝ መጸዳጃ በር ከፈተችና ባለችበት ደርቃ ቀረች። መቀመጫው ላይ ዓይነ ምድር ተለድፏል። ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ረግጠውት እስከ ደጃፉ ተጎትቷል። ግድግዳው ላይ፣ አንድ ሰው ሚዛኑን ሊጠብቅ ዳብሶ ኖሮ፣ የአምስት ጣት ምልክት ቡናማ ሆኖ ደርቋል። ሊጠርገው የሞከረ ይመስላል፤ የጠረገበትን ወረቀት ደግሞ የእጅ መታጠቢያው ውስጥ ጠቅጥቆት ሄዷል። ጠረኑ ጉሮሮዋ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ወደ ደጅ ወጥታ አንድ ጥድ ተደግፋ አስታወከች። ከዚያ የጎማ ጓንቷን እስከ ክርኗ ስባ፣ እየተራገመች፣ ሦስት ባልዲ ውኃ ጨርሳ አጸዳችው።

"ይሄን ያደረገው ሰው አይደለም!" አለች ተጎታች ቤቷ እንደተመለሰች። "ከብት እንኳ የሚረግጠውን ያያል!"

ቱሬ ከሐይቁ መግባቱ ነበር። ከዚህ በጋ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ዓሣ ላጠምድ ብሎ የዓሣ ማጥመጃ ቦርሳውን ይዞ ይወጣል፤ አንድ ቀን እንኳ ዓሣ ይዞ አልገባም።

"ምናልባት የታመመ ሰው ይሆናል" አለ፣ ቀና ሳይል።

"የታመመ ሐኪም ቤት ይተኛ! እኔ የማንንም አንጀት ልጠርግ ነው የመጣሁት?"

ቱሬ ለቁርስ የቀረበለትን የተቀቀለ ድንች በሹካው ወዲያና ወዲህ አንከባለለው። "ጠግቤያለሁ" ብሎ ሳህኑን ገፋ። ጉንቮር ልብ አላለችውም። የእሷም የምግብ ፍላጎት ተዘግቶ ነበር።

የዚያን ዕለት "ያበላሸ ያጽዳ!" ብላ ለጠፈች። ሲመሽ ወረቀቱ የለም። በሦስተኛው ቀን መጸዳጃው እንደገና ያው ሆነ። "እንስሳት ሆይ፣ ጫካው ወዲያ ነው!" ብላ ለጠፈች፤ እሱም ተገነጠለ። "ማን እንደሆንክ እናውቃለን፤ አታፍርም?" ብላ በትልልቅ ፊደል ጻፈች፤ እሱም ተገነጠለ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ወለሉ እርጥብ ሆኖ፣ በረኪና በረኪና እየሸተተ ይጠብቃታል። "አያችሁ ተንኮሉን! ዱካውን እያጠፋ እኮ ነው!" አለች።

መጨረሻ ላይ ጎረቤቷን ባርብሮን አስከትላ የሰፈሩ ባለቤት ስቴን ዘንድ ሄደች። ስቴን ጠብ ሲያይ መሸሸጊያ የሚፈልግ ሰው ነው።

"ወይ ይሄ ሰው ይውጣ፣ ወይ እኔ እወጣለሁ!" አለችው።

"እሺ፣ እሺ። የተገኘ ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል። ሁለተኛም እዚህ አይመጣም።"

"ማንም ይሁን?"

"ማንም ይሁን" አለ ስቴን። ጉንቮር እጇን ዘረጋች፤ ተጨባበጡ።

ማን እንደሆነማ እሷ በልቧ ጨርሳለች። ከጥዶቹ ሥር አንዲት አረንጓዴ ድንኳን አለች፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ሊኔያ የምትባል፣ አፍንጫዋ ላይ ቀለበት ያደረገች ወጣት ሴት ከሦስት ዓመት ልጇ ጋር መጥታ የተከለቻት ናት። ልጅቷ፣ አልቫ፣ ቀኑን ሙሉ ያለ ሱሪ ትሮጣለች። እናትየው የቋሊማውን መጥበሻ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥባለች፤ ስቡ ነጭ ሆኖ ማጠቢያው ላይ ይረጋል። በቀዝቃዛ ውኃ ስብ የሚያጥብ ሰው ምን የማያደርገው አለ?

ቅዳሜ ማለዳ ጉንቮር ከእንጨት ክምሩ ኋላ ቆማ ጠበቀች። ትንኙ አንገቷን እየበላት ሩብ ሰዓት ያህል እንደቆየች የቀኙ መጸዳጃ ተከፈተ። ሊኔያ ናት! ጓንት አጥልቃለች፤ በእጇ አፉ የታሰረ የፕላስቲክ ከረጢት አንጠልጥላለች።

"ያዝኩሽ!" ብላ ጉንቮር ዘላ ወጣች። "ምንድን ነው የያዝሽው?"

ሊኔያ ደነገጠች። "ቆሻሻ ነው።"

"የማን?"

ሊኔያ ወደ ሐይቁ አየት አደረገች፤ መልሳ ዓይኗን ሰበረች።

"የልጅሽ ነው ወይስ የራስሽ?"

"ጉንቮር፣ ተይው በቃ። ጸድቷል እኮ።"

"ተይው?! ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንቺን ጉድ ስጠርግ ከርሜ ልተወው?"

ረፋዱ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ባንዲራው ምሰሶ ሥር ተሰበሰበ። ስቴን ኮፍያውን በእጁ ያሻሻል። "ሊኔያ፣ አንቺ ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ማነው?"

"አልናገርም።"

"ንጹሕ ሰው ምን ያስደብቀዋል?" አለች ባርብሮ። ሰዉ አጉረመረመ፤ አንዱ "እግዚኦ፣ ልጅ ይዛ!" አለ። ስቴን ወደ መሬት እያየ እስከ እኩለ ቀን ድንኳኗን እንድታነሳ ነገራት። ሊኔያ ወደ ድንኳኗ ዞረች። አልቫ ግን፣ "ዛሬ አልዋኘንም እኮ!" እያለች የእናቷን ሱሪ ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

ጉንቮር ደረቷን ነፍታ ወደ ተጎታች ቤቷ ገባች። "ተገኘች!" አለች። ቱሬ ስብሰባው ላይ አልነበረም፤ ራሴን አሞኛል ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። "ያቺ ባለ ቀለበቷ ናት። ዛሬውኑ ትወጣለች።"

የቱሬ ትከሻ ነቅነቅ አለ።

ጉንቮር መስኮቱን ከፈተች። ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ይሸታል። አሸተተች፣ ጎንበስ አለች፣ ጠረኑን ተከትላ አልጋው ሥር የቱሬን የዓሣ ማጥመጃ ቦርሳ አገኘች። "የበሰበሰ ዓሣ ረስተህበታል!" ብላ ጎትታ አወጣችው። ከፈተችው። ዓሣ የለም። አፉ የተቋጠረ ከረጢት አለ፤ ፈታችው። የቱሬ የውስጥ ሱሪዎች ናቸው፣ አራት። ጠረኑን ወዲያው አወቀችው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጉሮሮዋ ላይ ተቀምጦ የከረመው ጠረን ነው። ከሥሩ፣ አራት ቦታ ተጣጥፈው የተቀመጡ ሦስት ወረቀቶች አሉ። "እንስሳት ሆይ" የሚለው በእሷው የእጅ ጽሑፍ ከላይ ነበር።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ጉንቮር ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"ቱሬ" አለች።

"የጨረር ሕክምናው ነው" አለ፣ ፊቱን ከግድግዳው ሳይመልስ። ከበጋው በፊት፣ በጸደይ፣ ታች ሆዱ ላይ ለወጣበት ዕጢ የተደረገለት ነው፤ እሷም አብራው ሄዳ ነበር። ደህና ነኝ ሲላት ደህና ነው ብላ ነበር። "አንጀቴን ነክቶታል፤ ሐኪሙ ያልፋል ብሎኝ ነበር። አላለፈም። ሲመጣ ደግሞ አይጠብቀኝም። ሰማንያ እርምጃ ነው፤ አንዳንድ ቀን ስልሳው ላይ ያመልጠኛል፣ አንዳንድ ቀን በሩ ላይ።"

"ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ ሚስትህ ነኝ!"

"ቆሻሻ ስታዪ ፊትሽ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ሃምሳ ዓመት አይቼዋለሁ" አለ ቱሬ። "በዚያ ፊት እኔን እንድታዪኝ አልፈለግኩም።"

ጉንቮር ከረጢቱን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ከራሷ አርቃ እንደያዘችው ያኔ ነው ያስተዋለችው። ልታስጠጋው ሞከረች፤ አልቻለችም። አቅለሸለሻት። በማቅለሽለሿ ደግሞ አፈረች።

"ሊኔያስ?"

"አንድ ቀን ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ስጠርግ አገኘችኝ። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው። 'ተነሥ ቱሬ፣ ይሄ የእኔ ሥራ ነው' አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ካንቺ ቀድማ ስትነቃ አጽድታልኛለች። ላንቺ እንዳትነግሪ ብዬ ለምኛት ነበር።" ከአልጋው ቀና አለ። "እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። አሁን ተነሥቼ እነግራቸዋለሁ።"

በተከፈተው መስኮት የድንኳን ካስማ ሲነቀል ይሰማል። አልቫ አሁንም ታለቅሳለች። ቱሬ ሱሪውን ፈለገ፤ አንዱን እግሩን አስገብቶ ሁለተኛው እምቢ አለው። ጉንቮር አየችው። ይህ ሰው ባንዲራው ምሰሶ ሥር ቆሞ፣ ባርብሮ አፍንጫዋን ይዛ እያየችው፣ "እኔ ነኝ" ሊል ነው።

"ተኛ" አለችው። ወጣች።

ሰዉ ገና አልተበተነም ነበር። "ሊኔያ አይደለችም" አለች ጉንቮር ጮክ ብላ። "እኔ ነኝ።"

ስቴን ሳቅ ቃጣው። "ጉንቮር፣ ቀልድሽን ተይ።"

"ምን ቀልድ አለው? ሆዴን ያመኛል፤ ያመልጠኛል። ወረቀቱን የለጠፍኩት እንዳትጠረጥሩኝ ነው። ሊኔያ ስታጸዳልኝ ነው የያዝኳት። አጽድታልኝ በሰው ፊት አዋረድኳት።"

ባርብሮ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። አፍንጫዋ ተሸበሸበ፣ ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ተሳበ፣ ዓይኗ ወደ ጉንቮር ቀሚስ ወርዶ ቶሎ ሸሸ። እንግዲህ ፊቱ ይህ ነው፤ ቱሬ ሃምሳ ዓመት ያየው። ጉንቮር ጆሮዋ ድረስ ጋላት፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አልተንቀሳቀሰችም።

"ማንም ይሁን ተባብለን ነበር" አለ ስቴን ቀስ ብሎ። "ሃያ ሁለት ዓመት ግን..."

"ተጨባብጠናል። ነገ ጠዋት እንወጣለን።"

ሊኔያ የነቀለችውን ካስማ በእጇ ይዛ ቆማለች። ሁሉን ታውቃለች። ልትናገር አፏን ስትከፍት ጉንቮር ራሷን ነቀነቀችባት።

"ይቅር በይኝ" አለቻት አጠገቧ ደርሳ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። "ድንኳንሽን መልሰሽ ትከዪ። ልጅሽም ትዋኝ።"

ተጎታች ቤቱ ውስጥ ቱሬ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ሱሪውን በአንድ እግሩ እንዳጠለቀ ተቀምጧል። በመስኮቱ ሁሉን ሰምቷል፤ እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። ጉንቮር ባልዲ ውኃ ሞላች፣ ጓንቷን አጠለቀች፣ አራቱን የውስጥ ሱሪዎች አንድ በአንድ አጠበች። አንዴ ልታስታውክ ደርሳ ዋጥ አደረገችው። አሁንም ያስጠላታል፤ አጠበቻቸው።

ስትጨርስ ጓንቷን አውልቃ ወደ ኋላ ሄደች፣ ወደ ጠባቧ መጸዳጃ በር። "ለሽንት ብቻ!" የሚለው ወረቀት በሃያ ሁለት ዓመቱ ቢጫ ሆኗል፤ ማጣበቂያው ከበሩ ጋር ተዋህዶ አልላቀቅ አለ። በጥፍሯ ፋቀችው፣ ጥፍሯ ተሰበረ፣ በቢላ ፋቀችው። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች።

"ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው" አለች።

"ጉንቮር" አለ ቱሬ፣ ትራሷ ካለበት እስከ በሩ ያለችውን ሁለት እርምጃ በዓይኑ እየለካ፣ "ይሸታል እኮ።"

"ይሽተት!"