የቦራ ጨው

አድማሴ የቆረሰውን እንጀራ ሽሮ አስነክቶ ጎረሰ። አኘከ፤ አልወርድ አለው። ጨው ከዚህ ቤት ከወጣ ወዲህ ወጥ ሁሉ አፉ ውስጥ እንደ እርጥብ አፈር ይንከባለላል። ገበታውን ገፋ አድርጎ ተነሣ፤ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እንደገና ተነሣ።

«ምነው፣ መደቡ ፈጀህ?» አለችው ሚስቱ አባይነሽ።

«ጠገብሁ።»

«በአንድ ጉርሻ? ሙሽራ እንኳ እንዲህ አያፍርም።»

«ሽሮሽ ሽሮ አይደለም።»

«ነርሷ ያለችውን ሰምተሃል። እኔም አጠገብህ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

ሰምቷል። አምባ ጊዮርጊስ ለገበያ በሄዱበት ቀን ራሱን ሲያዞረው አባይነሽ እየጎተተች ጤና ጣቢያ አስገባችው። ነርሷ ክንዱን በጨርቅ ጠፍራ ለካች፤ ደግማ ለካች። ደም ብዛት አለችው። «አያ አድማሴ፣ ክኒኑን ሳያቋርጡ ይዋጡ፤ ጠላውን ይቀንሱ፤ ጨዉን ግን ይተዉት። ወንድምዎን አይተዋል።»

ወንድሙን በየቀኑ ያየዋል። የሻው ታላቁ ነው። አምና የገብስ ማሳ ሲያርስ እርፉን እንደያዘ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ አፉ ተጣመመ፤ ቃሉ ተሰባበረ። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች፤ ልጆቹ ጎንደር ገብተው ቀርተዋል። አድማሴ ወደ ቤቱ አመጣው። ጠዋት ጠዋት ደግፈው ከበረቱ በር አጠገብ፣ ፀሐይ ከሚያርፍበት ግድግዳ ሥር ያስቀምጡታል። አባይነሽ በእጇ ታጎርሰዋለች። አድማሴ ያን ጊዜ ፊቱን ያዞራል። በሌላ ሰው እጅ መጉረስን ከሞት አብልጦ ይፈራል።

ጠላውን መቀነስ አልከበደውም። ጨዉ ግን አሸነፈው።

አባይነሽ ከጤና ጣቢያ በተመለሱበት ቀን የጨው ቅሉን አራግፋ ለጎረቤት ሰጥታ ነበር። ጓዳውን ጠርጋ አጸዳች፤ በረቱ ግን ትዝ አላላትም። እዚያ፣ ከምሰሶው ላይ በቆዳ ተጠቅልሎ የተንጠለጠለ አሞሌ ጨው አለ። የቦራ ነው፤ የእርሻ በሬው። አድማሴ በየጊዜው በቢላ እየፋቀ በመዳፉ ያስልሰዋል።

ነገሩ የተጀመረው ሳያስበው ነው። ቦራን አስልሶ ሲያበቃ አውራ ጣቱ ላይ የቀረውን ትንሽ ነጭ ዱቄት ላሰው። ምላሱ ነቃ። ጉሮሮው ተከፈተ። በማግስቱ ለቦራ ፋቀ፤ ለራሱም ፋቀ። ነርሷ ያለችው ስለ ሰው ጨው ነው፣ ይሄ የከብት ነው አለ በልቡ። ራሱም አላመነውም፤ ቢላውን ግን አላስቀመጠም።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የለውም። አውድማ ይወርዳል፣ ይመለሳል። ያልተነቃነቀ አጥር ያጠብቃል። ሁሉም መንገድ ዞሮ ዞሮ በረቱ በር ላይ ያደርሰዋል።

ለሁለተኛ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲለካ ደም ብዛቱ ጭራሽ ጨምሮ ተገኘ። ነርሷ ግራ ገባት። «ጨው ትተዋል?»

«ከቤቴ ጨው የለም» አለ አድማሴ። ውሸት አልነበረም።

«በጊዮርጊስ፣ በገዛ እጄ ነው ያወጣሁት» አለች አባይነሽ። «ክኒኑ ይሆናል የማይረባው።»

«ክኒኑስ ደኅና ነው። እንዲህ ከቀጠለ ጎንደር እልክዎታለሁ። የሚጠብቅ በሽታ አይደለም፣ አያ።»

በመንገድ ሁሉ አባይነሽ ነርሷን ስታማ መጣች። አድማሴ ከፊት ከፊት ይራመዳል። ግቢ ሲደርሱ ቦራ አንገቱን አስረዝሞ የበረቱን ግድግዳ ይልሳል።

«ይሄ በሬ ምን ነካው? ጨው አትሰጠውም እንዴ?»

«እሰጠዋለሁ።»

«እና ግድግዳ ምን ያስልሰዋል?»

«አመል ነው።»

«አሞሌው ግማሽ ሆኗል፤ ቦራ ግን ከስቷል። ታዲያ ማን በላው፣ አይጥ?»

አድማሴ አጥሩን ሊያይ ሄደ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አባይነሽ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። የሻው እንደ ልማዱ ፀሐዩን ይሞቃል። አድማሴ ግቢውን ዞረው። መጥረቢያ አነሣ፤ ጣለ። ነርሷ «የሚጠብቅ በሽታ አይደለም» ያለችው ጆሮው ውስጥ ነው፤ እግሩ ግን በረት አስገባው። ቆዳውን ፈታ፣ ፋቀ። ቦራ ምላሱን ዘረጋ። አድማሴ የበሬውን አፍንጫ በክንዱ ገፋ አደረገና መዳፉን ራሱ ላሰው።

ሲወጣ የሻው እያየው ነው። በበሩ በኩል ውስጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አድማሴ እስከ ዛሬ ልብ አላለውም፤ መናገር የማይችል ሰው የማያይ መስሎት ነበር።

የሻው ደኅነኛውን ግራ እጁን ከጋቢው አወጣና መዳፉን ዘረጋ።

«ውኃ ጠማህ፣ አያ?»

የሻው ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። በጣቱ ጨው የነጣበትን የአድማሴን ጢም አሳየ፤ ከዚያ የራሱን አፍ።

«ለ… ኔም» አለ። እጁ እንደተዘረጋ ነው።

አድማሴ ቆመ። አንድ ቁንጥር ቢሰጠው ማን ያውቃል። ይሄ ሰው ልጅ እያሉ ቆሎውን ከራሱ ቀንሶ ይሰጠው ነበር። ጨው ካየም ከረመ። ቢላው እጁ ላይ ነው፤ አሞሌውም እዚያው።

«ላንተ አይሆንም» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «ይገልሃል፣ አያ።»

የሻው በግማሽ አፉ ሳቀ። የተዘረጋውን እጁን ሰብስቦ በጣቱ የአድማሴን ደረት ነካ።

አድማሴ ወደ በረቱ ተመለሰ። አሞሌውን ከነቆዳው አውርዶ ቦራ ፊት ያዘለት። በሬው በሻካራ ምላሱ ይፍቀው ጀመር። የአድማሴ አፍ ምራቅ ሞላ። እንስራ ተሸክማ የመጣችው አባይነሽ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ምነው፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ካሁን በኋላ ቦራን አንቺ አስልሺው። ቢላውንም ያዢ። የት እንደምታስቀምጪው አትንገሪኝ።»

እንስራዋን አወረደች። ጢሙን አየች። ቀረብ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለትና ጫፉን በምላሷ ነካ አደረገች።

«እኔ ደግሞ ትናንት ያችን ነርስ ሳማት ዋልሁ» አለች። «የሐሜቴን ኃጢአት ባንተ ላይ ያድርገው።»

ምሳ ሲደርስ አድማሴ ገበታውን ከግድግዳው ሥር አስመጣ። ከየሻው ጎን ተቀመጠ። ቆርሶ፣ ሽሮ አስነክቶ ለወንድሙ አቀረበለት፤ በራሱ እጅ አጉርሶት አያውቅም ነበር። የሻው አፉን አልከፈተም። በዓይኑ የአድማሴን አፍ ያያል።

«አይቀበልህም» አለች አባይነሽ። «አንተ ቅደም ነው የሚልህ።»

አድማሴ ጉርሻውን ወደ ራሱ አፍ መለሰው። ያው አፈር ነው። እግሩ ተነሣ ተነሣ ይለዋል። አኘከ፤ አኘከ፤ ዋጠ።

የሻው አፉን ከፈተ።