ከማዋለጃው ክፍል ሥር

ጊንጪ ጫፍ፣ ከጭልሞ ደን ዝቅ ብሎ ጤና ጣቢያው በመሬታቸው ላይ ሲሠራ፣ ኦቦ ሆርዶፋ ምትክ መሬት ተሰጥቷቸው ወደ ማዶ ተሻገሩ። ከዚያ ወዲህ ግቢውን ረግጠውት አያውቁም። ሳንባ ምች ሲጥላቸው እንኳ፣ "አምቦ ውሰዱኝ" ነበር ያሉት። ልጃቸው ጃለኔ ደግሞ እዚያው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት።

ጤና ጣቢያው ሥራ ጀምሮ ከከረመ በኋላ ምረቃው ደረሰ። አዲሱ ኃላፊ ቀንዓ ጃለኔን ጠራት።

"ንግግሬን የምጀምረው የዚህን መሬት ነባር ባለቤቶች በማመስገን ነው። አባትሽ ከፊት ተቀምጠው ይመርቁልን።"

ደስ አላት። አባቷ ግን፣ "ሲያስነሱኝ ያላማከሩኝ ለጭብጨባ ይፈልጉኛል?" ብለው እምቢ አሉ። ደጋግማ ለመነቻቸው፤ ለእሷ ሲሉ መጡ።

ቀንዓ እንዳለው አደረገ። "ይህን መሬት ለዘመናት የጠበቁት የኦቦ ሆርዶፋ ወገኖች ናቸው፤ እናከብራቸዋለን" አለ። ተጨበጨበ። ኦቦ ሆርዶፋ ማይኩን ተቀበሉ።

"ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ። ምስጋናው ደርሶኛል። አባቴ ጴንጤ ነው ተብሎ ቀብር ሲከለከል እዚሁ በመሬታችን ቀበርነው። ስታስነሱኝ፣ 'አጽሙን በክብር እናዛውራለን' ብላችሁኝ ነበር። ወዴት ወሰዳችሁት?"

ከወረዳ የመጣው ሹም ማይኩን ተቀበላቸውና፣ "ዛሬ የደስታ ቀን ነው፤ ቅሬታ በቢሮ ይቀርባል" አለ። ቀንዓ አንገቱን ደፍቶ ወደ ጃለኔ ጠጋ አለ።

"እኔ ስመጣ ግድግዳው ቆሞ ነበር፤ አላውቅም" አላት በሹክሹክታ።

ጃለኔም አጽሙ ተነሥቷል ብላ ነበር የምታምነው። ግቢው ውስጥ የቀረውን ወይራ አየችው። መቃብሩ ከወይራው ሥር ነበር፤ ዛሬ እዚያ ያለው ማዋለጃው ነው። ካልተነሣ እንግዲህ ያለው በየቀኑ ከምትቆምበት ወለል ሥር ነው! ተነሥታ የአባቷን እጅ ያዘችና በሰዉ መሐል ይዛቸው ወጣች። ሹሙ ከኋላ ስሟን ጠራ፤ አልዞረችም።

የማዋለጃው በር ላይ ሲደርሱ ከውስጥ የሚያቃስት ድምፅ ተሰማ።

"ሰው አለ?" አሉ።

"ምጥ የያዛት ሴት አለች፣ አባ።"

"እንግዲያ እኔ አልገባም። አንቺ ግቢ፤ እሷ ምን አጠፋች?"

ገባች። ጓንት አጠለቀች። አባቷ ከመስኮቱ ውጭ ቆመው በኦሮምኛ ሲጸልዩ፣ የአያቷን ስም ሲጠሩ ትሰማለች። ሴትዮዋ በሰላም ተገላገለች። ጃለኔ ስትወጣ አባቷ ሄደዋል።

ቀንዓ ወለሉ ተቆፍሮ አጽሙ ይነሣ ብሎ ወረዳውን ጠየቀ። "የመንግሥት ሕንፃ ለአጥንት አይፈርስም" አሉት። ለጃለኔም ሥነ ሥርዓት በማደፍረስ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። አምቦ ልዛወር ብላ አመልክታ ነበር፤ የቀረችው ተተኪ ስለታጣ ነው። ዛሬም እዚያው ታዋልዳለች። ወለሉ ላይ ደም በፈሰሰ ቁጥር ግን ጽዳት ሠራተኛዋን አትጠብቅም፤ ተንበርክካ ራሷ ትጠርገዋለች።