ግማሽ ጣሪያ

በኮኪት ከተማ ንፋስ የወይዘሮ ስርጉትን ጣሪያ ገነጣጥሎት ሄደ። አናጢው ይስማው መሰላል ላይ ሆኖ ሲለካ እሳቸው ከታች ይንቆራጠጣሉ፤ የልጃቸው የወንጌል መውለጃ ደርሷል፣ ሰማዩም ጠቁሯል።

«እትዬ፣ ሠላሳ ስድስት ቆርቆሮ ይፈጃል። እንጨቱንም ምስጥ በልቶታል። ከነእጅ ዋጋው ስልሳ ሺህ ብር ይደርሳል» አላቸው።

«ያለኝ ግማሹ ነው።»

«እንግዲያው አንዱን ክፍል ላልብስ። የቱን? የወንጌልን ወይስ ሰሊጡ ያለበትን?»

ስርጉት ለዘር በጆንያ ያስቀመጡትን ሰሊጥ አዩ፤ ሌላ የሚዘሩት የላቸውም።

«የልጄን! ቶሎ በል!» አሉና ጆንያዎቹን እየጎተቱ በወንጌል አልጋ ዙሪያ መደርደር ጀመሩ።

የመጨረሻው ሚስማር እንደተመታ ዝናቡ ወረደ። በሦስተኛው ቀን ወንጌል እዚያው ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ስርጉት ግን ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ብድግ እያሉ ቆርቆሮውን ያያሉ።