የሸጠውን የሚጠይቅ ሻጭ

ስልኩ ሲጮህ ሀዳነ ማክሰኝት ከብት ተራ መሐል ቆሞ የሰው ወይፈን አፍ ከፍቶ ጥርስ ያይ ነበር። የከብት ንግድ ከተወ ወር አልፎታል። ግን የገበያ ቀን ሲደርስ እግሩ ያመጣዋል። ምን ያድርግ፣ ሠላሳ ዓመት የለመደ እግር ነው።

«አያ ሀዳነ ነዎት? ከጎንደር ነው፣ ከመኪና መሸጫው። መቅደላዊት እባላለሁ። መኪናዋ እንዴት ሆነችልዎት?»

ሀዳነ ወይፈኑን ለቀቀ።

«ምነው?» አለ።

«እንዲያው ደህና መሆኗን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«ደህና ናት» ብሎ ዘጋው። ቀኑን ሙሉ ግን «ምን ፈልጋ ነው?» ሲል ዋለ።

የከብት ገበያ ያልዋለ ሰው «ኧረ ምን ክፋት አለው፣ መጠየቅ ነውር ሆነ እንዴ?» ቢል አልፈርድበትም። በከብት ተራ ግን ሻጭ ብሩን ተቀብሎ ገመዱን ካስረከበ በኋላ ያንን በሬ አያውቀውም። መንገድ ላይ ቢያገኘው እንኳ ፊቱን ያዞራል። የሸጠውን የሚጠይቅ ሻጭ ወይ የተሰረቀ ሸጦ የት እንደደረሰ ያጣራል፣ ወይ የደበቀው ነውር አለና መቼ እንደሚወጣ ይጠብቃል። ሀዳነ ይህን ከሰው አልሰማም። ከዓመታት በፊት ለአንድ የበለሳ ገበሬ፣ ሲጠምዱት ትልሙ መሐል ለሽ የሚል በሬ ሸጦለት ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ «በሬው እንዴት ሆነ?» ብሎ ሰው የላከው ራሱ ሀዳነ ነው። «ሸጋ ነው፣ ገና እርሻ አልጀመርንም» የሚል መልስ ሲመጣለት ሁለት ወር ከገበያው ጠፋ።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው በመስከረም ያሉትን ከብቶች በሙሉ ሸጦ፣ ያገለገለች የጭነት ማኪና የገዛው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያለችው አንዲት ልጅ አገኘሁሽ ናት። ባሏ ማንያዘዋል ሹፌር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ማኪና ሲነዳ የኖረ፣ ረጋ ያለ፣ ለአማቱ ቃል የማይመልስ ልጅ። ሀዳነ ማኪናዋን ሲገዛ ለእሱ ብሎ ነው፤ ለአገኘሁሽ ብሎ ነው ማለት ይሻላል። ማንያዘዋል ከጎንደር ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይጭናል፣ ደባርቅን አልፎ ጠመዝማዛውን የሊማሊሞ ገደል ይወርዳል፣ ከሥሩ ድብ ባሕር ያራግፋል፣ ሲመለስ እህል ይዞ ይወጣል። በሳምንት ሦስት ጊዜ። ሦስቱም የሚበሉት ከዚች ማኪና ነው።

በኅዳር መቅደላዊት እንደገና ደወለች። አሁን ደግሞ ጥያቄዋ በዝቷል።

«አያ ሀዳነ፣ መኪናዋ በየትኛው መንገድ ነው የምትሠራው?»

ዘመኑን ታውቁታላችሁ። ሰው ከመንገድ ተይዞ ለዘመዶቹ በሚደወልበት፣ ቤት ንብረት ተሽጦ በሚለቀቅበት ጊዜ፣ ማንም ሰው ልጄ በዚህ በኩል ያልፋል ብሎ በስልክ አይናገርም። ሀዳነ ደግሞ በደጉም ጊዜ የሄደበትን ለጎረቤት የማይነግር ሰው ነው።

«ከማክሰኝት ጎንደር» አለ። «ሜዳ ለሜዳ።»

«በሳምንት ስንት ቀን?»

«ሁለት። አንዳንዴም አንድ።»

«ምን ትጭናለች?»

«ድርቆሽ።»

«የሚነዳት ማን ነው?»

«ሰው ነው።»

በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገለጥ ሰማ።

«ትጽፊያለሽ እንዴ?»

«አዎ፣ መዝገብ አለን። መንገዱንና ጭነቱን ካወቅን ዘይት የሚቀየርበትን፣ የፍሬን ሸራ የሚያልቅበትን ጊዜ አስልተን ሳይበላሽ ቀድመን እንደውልልዎታለን። ምርመራው እስከ ዓመት ድረስ በነጻ ነው።»

«በነጻ?»

«በነጻ። እኛም የምንጠቀመው እርስዎ ሁለተኛ መኪና ሲያስቡ እኛ ጋ ሲመለሱ ነው።»

ሀዳነ ስልኩን ዘግቶ ብዙ አሰበ። በነጻ የሚሠራ መካኒክ በየት አገር አለ? ሁለተኛ ማኪና የምትለውስ ምንድን ናት? ብር የተረፈው መስሏት ነው። መንገዱን ጠየቀች፣ ቀኑን ጠየቀች፣ ነጂውን ጠየቀች፣ በመጨረሻ ኪሱን ጠየቀች። ከዚህ በኋላ የቀረ ነገር አለ? ልጅቷ ባለጌ አይደለችም፣ ድምጿም ሸጋ ነው፤ እሱን ደግሞ የበለጠ ያስፈራው ይኸው ድምጿ ነው። አገኘሁሽ «ማን ነው የደወለው?» ስትለው «ተሳስተው ነው» አላት። ልጁን ማስደንገጥ አልፈለገም።

በጥር ሦስተኛው ስልክ መጣ።

«አያ ሀዳነ፣ መኪናዋ ሊማሊሞ ወጥታ ታውቃለች እንዴ?»



«ማን አለሽ?»

«አንድ ደንበኛችን ደባርቅ ላይ አየኋት ብሎኝ ነው። ስንሸጥልዎት የፍሬኑ ሸራ ግማሽ መሆኑን ነግረንዎት ነበር። ሊማሊሞ የምትወርድ ከሆነ አሁን አልቋል ማለት ነው፤ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይዘዋት ይምጡ።»

«የኔ አይደለችም።»

«ታርጋዋን ነግሮኛል እኮ፣ አያ ሀዳነ።»

«ልጄ፣ ሜዳ ነው የምትሠራ አልሁሽ።»

«እሺ። ሜዳ ከሆነ እስከ ሚያዝያ ያደርስዎታል» አለችው።

ሀዳነ ስልኩን ዘጋ። ደባርቅ ላይ ሰው አስቀምጠዋል ማለት ነው። ታርጋ ይዘዋል ማለት ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ማታ ማንያዘዋል ከመንገድ ገብቶ እጁን እየታጠበ «አባ፣ ፍሬኑ መጮህ ጀምሯል» አለ። «ሲረገጥም ጠልቆ ነው የሚይዝ። የገዛንበት ቤት በነጻ ያያሉ ሲሉ ሰማሁ፣ ነገ ላድርሳት?»

«እዚያ ቤት እግርህ እንዳይደርስ።»

«ምነው?»

«ነገር አለ። አልነግርህም፣ ግን ነገር አለ።»

«እሽ፣ እንግዲያው የዚሁ የማክሰኝቱ መካኒክ ያየዋል። ሠርግ ሄዷል፣ ነገ ማታ ይገባል አሉ። እኔም የምጭነው ከነገ ወዲያ ነው።»

ከነገ ወዲያ ዓርብ ነው። ማንያዘዋል ዓርብ እንደሚወርድ ደግሞ ደባርቅ ላይ ቆሞ ያየ ሁሉ ያውቃል። ሀዳነ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ዓርብ አትሄድም» አለ። «ነገ ጭነህ ነገውኑ ውረድ። ለማንም እንዳትናገር።»

«ፍሬኑስ?»

«ቀስ ብለህ ውረዳ። ስንት ዓመት የነዳህ ሰው አይደለህ?»

ማንያዘዋል አማቱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ እጁን አደራረቀ። ልጁ ቃል አይመልስም ብያለሁ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሄደ። ሀዳነ ያን ጧት ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለው፤ አጋቾቹን በአንድ ቀን የቀደማቸው መሰለው።

ሰባት ሰዓት ላይ የማያውቀው ቁጥር ደወለ። ያልታወቀ የወንድ ድምፅ «የማንያዘዋል ዘመድ ነህ?» አለው። ሀዳነ አጥሩን ተደገፈ። ይኸው፣ ያልሁት ደረሰ አለ በሆዱ። ድምፁን አጠንክሮ «ስንት ነው የምትፈልጉ?» ብሎ ጠየቀ።

«ምኑን ነው ስንት?»

«ብሩን። እሱን አትንኩት እንጅ እሰጣለሁ።»

ሰውየው ግራ ተጋባ። «ወንድሜ፣ እኔ መንገደኛ ነኝ። ሊማሊሞ ላይ የማኪናዋ ፍሬን እምቢ ብሎት ነው። ገደሉን ሸሽቶ ከተራራው ጋር አላተማት። ነፍሱ አለች፣ እግሩ ግን ክፉኛ ተሰብሯል። ወደ ጎንደር እያወረድነው ነው፣ ሆስፒታል ጠብቁት።»

እንዲህም ሆኖ ሀዳነ አልነቃም። ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ባደረበት ሌሊት በልቡ የዞረው አንድ ነገር ነው፦ ሻጮቹ የማኪናዋን ነውር ያውቁ ነበር። የደበቁት ነገር ባይኖር ያን ሁሉ ወር ምን ያስጠይቃቸው ነበር? ፍሬን የሚለውን ቃል ያነሣችው እሷው ራሷ አይደለችም? የበለሳው በሬ ነው፤ አንድ ነው። ሲነጋ አገኘሁሽን «ተነሽ» አላት። «ባልሽን የሰበሩትን ሰዎች አሳይሻለሁ። አንቺ የሹፌሩ ሚስት ነሽ፣ ሲያምኑ በጆሮሽ ስሚ።»

መሸጫው ጎንደር ከአዘዞ መንገድ ዳር ነው። ገብተው ሲቆሙ ሦስት ወንዶች ወንበር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። መቅደላዊት ሀዳነ ያሰባት ዓይነት ሴት አልሆነችም፤ መነጽር ያደረገች፣ ቀጭን፣ ከአገኘሁሽም የምታንስ ልጅ ናት። ስሙን ስትሰማ ከመቀመጫዋ ተነሣችለት።

«አያ ሀዳነ፣ እንኳን ደህና መጡ።»

«ደህና አልመጣሁም» አለ፣ ሦስቱ ሰዎች እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ማኪናዋ ሊማሊሞ ላይ ተከሰከሰች። የልጄ ባል ሆስፒታል ተኝቷል። ነውሯን እያወቃችሁ ሸጣችሁልኝ። ባታውቁማ ያ ሁሉ ጥያቄ ምንድን ነበር?»

«ሊማሊሞ?» አለች መቅደላዊት። ከመሳቢያው አንድ ወፍራም መዝገብ አወጣች፣ ገለጠች፣ ጣቷን በመስመሮቹ ላይ አስኬደች። «መንገዱ ሊማሊሞ ነው የሚል የለም እኮ። ኅዳር ላይ ‹መንገድ፣ ማክሰኝት ጎንደር፣ ሜዳ› ይላል። ‹በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ አንድ። ጭነት፣ ድርቆሽ። ነጂ፣ ሰው።› ጥር ላይ ደግሞ ‹ደባርቅ ታይታለች ተብሎ ተጠየቀ፣ የኔ አይደለችም፣ ሜዳ ነው አሉ› ብያለሁ። ሊማሊሞ ናት ብባል ኖሮ ያን ቀን መካኒክ ይዤ እቤታችሁ ድረስ እመጣ ነበር።»

አገኘሁሽ አንገቷን ወደ መዝገቡ አሰገገች። «ድርቆሽ?» አለች። «ይህን ማን ነው የነገረሽ?»

መቅደላዊት ሀዳነን አየችው። «ገዥው» አለች በመጨረሻ።

አገኘሁሽ ወደ አባቷ ዞረች። 

«ለእናንተ ብዬ ነው» አለ ሀዳነ። «እንዳይወስዱት ብዬ ነው፣ ልጄ። ቀኑን የቀየርሁትም ለዚያ ነው።»

«ማንያዘዋል ሌሊቱን ሙሉ ምን ሲለኝ እንዳደረ ታውቃለህ? ‹ረገጥሁት፣ ባዶ ነው› ይላል። ትንሽ ያሸልበዋል፣ ይነቃል፣ ‹ረገጥሁት፣ ባዶ ነው።›»

ሀዳነ ያችን የማንያዘዋልን እግር በሐሳቡ አያት፤ የማክሰኝቱ መካኒክ አንድ ቀን ቢጠበቅ የማትሰበረዋን። ከጠረጴዛው ወዲህና ወዲያ ከቆሙት ሻጩ ማን፣ ገዥው ማን እንደሆነ ተደባለቀበት። መዝገቡ ላይ ነውር የደበቀው ሰው ስሙ ሀዳነ ነው።

አገኘሁሽ ጠረጴዛው ፊት ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ማኪናዋ ትጠገናለች?» አለች።

«ሰው ልከን ሳናያት እንዲህ ነው አልልሽም» አለች መቅደላዊት። «እናያታለን።»

«እንግዲያውስ የእሱን ስልክ ሰርዥውና የኔን ጻፊ። ከእንግዲህ የምትደውይው ለኔ ነው። ጠይቂኝ።»

መቅደላዊት ሀዳነን ቀና ብላ አየችው። እሱ መሬት መሬት ያያል። ብዕሯን አነሣች።

«መንገዱ?»

«ሊማሊሞ። ድብ ባሕር ድረስ።»

«በየትኞቹ ቀናት?»

«ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከጎንደር ይነሣል።»

«ጭነቱ?»

«ሲወርድ ሲሚንቶና ቆርቆሮ፣ ሲወጣ እህል።»

«የሚነዳት?»

«ማንያዘዋል ይባላል። ባሌ ነው። እግሩ ሲድን።»

ሀዳነ ከኋላዋ ቆሞ ተራ የሚጠብቁትን ሦስት ሰዎች አንድ በአንድ አያቸው። አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ አንዱ ደጁን ያያል፣ ሦስተኛው ግን ወሬውን ያዳምጣል። አንድም አያውቃቸውም። የአገኘሁሽን አፍ በእጁ ሊይዝ ቃጣው። ቀንና ሰዓቱን፣ ስሙን እንኳ ሳታስቀር፣ ሰው ፊት ታወራለች። እጁን ኪሱ ከተተ፤ መቅደላዊትም ሁሉንም ጻፈች።