የባባ አውጉስቲኖ ጭምብል

ኤርጎጌ በስደት፣ ሮዘተንቪል በሚባል ሰፈር በተከራየችበት ግቢ፣ ከክፍሏ ቀጥሎ ባለው ጋራዥ አውጉስቲኖ የሚባሉ ሞዛምቢካዊ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። የማኮንዴ ጎሳ ሰው ናቸው። የአገራቸው ልጆች ሲጨፍሩ የሚያጠልቁትን የእንጨት ጭምብል ይቀርጻሉ። ሲሠሩ በራቸውን ይዘጋሉ፤ ኤርጎጌ የምትሰማው የመዶሻቸውን ድምፅ ብቻ ነው። የወለደች ሰሞን፣ ባሏ ዱካሞ ዛንድስፕሩት ሰፈር ያለውን ስፓዛ፣ ትንሽ ሱቁን፣ ጥሎ መምጣት ሲያቅተው፣ ውሃ የቀዱላትም ዳቦ የገዙላትም እሳቸው ነበሩ።

ስለዚህ ግንቦት ላይ ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ፣ አንደበታቸውም ተይዞ ከሆስፒታል ሲመለሱ፣ ማስታመሙን እሷ ያዘችው።

በመጀመሪያው ቀን አጥሚት ይዛ ስትገባ፣ ከአልጋው ትይዩ አንድ ጭምብል አየች። ፀጉር ተተክሎበታል፤ የቀኝ ጆሮው ገና አልተቀረጸም። ሽማግሌው ግራ እጃቸውን ወደዚያ ዘርግተው "አ... አ..." አሉ።

"ባባ፣ ይሄን ነው? ላቅርብልዎት?"

ራሳቸውን ወዘወዙ። እሺ ያሉ መስሏት አንሥታ ደረታቸው ላይ አኖረችላቸው። እንባቸው ወረደ። ሥራቸው ናፍቋቸው ነው ብላ እሷም አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በነጠላዋ ጫፍ እየወለወለች ታቀርብላቸው ጀመር። እሳቸውም በየቀኑ ያለቅሳሉ። ምግብ እየተዉ ሄዱ።

በሁለተኛው ሳምንት የጨፋሪዎቹ መሪ ቶማሽ ሊጠይቃቸው መጣ። ኤርጎጌን ጭምብሉን እንደታቀፈች ሲያገኛት በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

"ሲሲ፣ እህቴ፣ ይህን ስታዪ ስንት ቀን ሆነሽ?"

"በየቀኑ ነዋ። ደስ እንዲላቸው ብዬ።"

"እኛ ዘንድ ሰው አጥልቆት ሲጨፍር ካልሆነ ሴት አታየውም፤ አትነካውም። ሸፍኚው እያሉሽ ነበር።"

ጭምብሉ እጇ ላይ ከበዳት። የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። ቶማሽ ጃኬቱን አውልቆ ጭምብሉን ጠቀለለበት።

"ታዲያ አሁን አይጨፈርበትም?"

"አይጨፈርበትም።"

"እኔ ምን ላድርግ? የሚደረግ ነገር ካለ ንገረኝ።"

"ምንም የለም። አላወቅሽም።"

ተንበርክካ ይቅርታ ለመነቻቸው፤ በሃዲይኛ፣ በአማርኛ፣ በምታውቃት ጥቂት ዙሉኛ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ምን እንዳሉ ቶማሽም አልገባውም።

በማግስቱ ከአጥሚቱ ሁለት ማንኪያ ቀመሱላት። ሦስተኛውን ማንኪያ ስታቀርብላቸው አፋቸውን ገጥመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ኤርጎጌ ማንኪያውን እንደያዘች ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጣ ቆየች።