የቁማር ማሽን ጠጋኙ ፈቃድ

ኔቪል ያን ቀን ጫማውን ወልውሎ ወልውሎ ሊጨርሰው ነበር። ከሲድኒ የምትመጣው መርማሪ ጫማ አይታ ፈቃድ እንደማትሰጥ ያውቃል፤ ግን የጨነቀው ሰው እጁ ሥራ አይፈታም። የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቁን ከዘጋ ቆይቷል። ዛሬ ሰው ቴሌቪዥኑ ሲበላሽ መንገድ ዳር አውጥቶ ይጥላል እንጂ ጠጋኝ አይጠራም። አንዲት ተስፋ ቀርታዋለች። የአካባቢውን ከተሞች የቁማር ማሽን ሲጠግን የኖረው ሽማግሌው ዎል ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ኩባንያውም «ፈቃዱን ካገኘህ ቦታው ያንተ ነው» ብሎታል። ካላገኘ ቤቱን ሸጦ፣ ሚስቱን ይዞ፣ ኒውካስል ያለው ልጁ ጋራዥ ውስጥ ፍራሽ ማንጠፍ ነው።

«እኔ ዛሬ እህቴ ጋ ነው የምውለው» አለች ሚስቱ ግሌኒስ፣ ዳቦው ላይ ቅቤ እየቀባችለት። «ማሽኖቹ ያሉበት ክበብ ደጅ ዝር አልልም። የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!»

«እኔ ምን አልኩሽ?»

«አፍህ ዝም ቢል ዓይንህ ይለፈልፋል።»

ግሌኒስ ክፉ ሴት አይደለችም። ጎረቤት ሲታመም ሾርባ ይዛ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ማሽን ፊት ስትቀመጥ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ጀልባዋን በልቶታል ማሽኑ፣ የእናቷን ቀለበት በልቶታል። ኔቪል ዎልን ተከትሎ እየሄደ ባትሪ ሲያበራለት የማሽኑን ሆድ ዕቃ አይቶታልና፣ «ሂሳብ ነው እኮ ውስጡ ያለው! አንቺን ከየት ያውቅሻል?» እያለ ለፍልፎላታል። እሷ መልስ አላት። «ሊሰጥ ሲል ድምፁ ይለያል፤ አንተ ጆሮ የለህም።» ጆሮስ ነበረው። ያለ ፈቃድ ማሽን መንካት ወንጀል ስለሆነ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ የእያንዳንዱን ማሽን ሕመም በጆሮው ነው የተማረው።

መርማሪዋ ብሮንዊን ትባላለች፤ ከልጁ ታንሳለች። ፖሊስ ጣቢያው ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጠው ስለ ዕዳው፣ ስለ ክሱ፣ ስለ ወዳጆቹ ጠየቀችው። ዕዳም ክስም የለበትም። ላቡ እየደረቀ መጣ።

«ቤትህ ውስጥ ማሽን የሚጫወት ሰው አለ? ራሱን መቆጣጠር ያቃተው?»

በዚያ አገር ልጅ ገና ዳዴ ሲል የሚማረው ነገር አለ፤ የሰረቀ ይታረቃል፣ በራሱ ሰው ላይ ያሳበቀ ግን ዕድሜ ልኩን ብቻውን ይጠጣል። ኔቪል ልጅ ሳለ የትምህርት ቤት መስኮት የሰበረውን ጓደኛውን አልናገርም ብሎ ተገርፏል። ያው አፍ ነው አሁንም ያለው።

«የለም» አለ።

«ቢኖር እኮ መላ አለው» አለች ብሮንዊን፣ ቀና ብላ። «ያ ሰው የሚጫወትበትን ክበብ ለሌላ ጠጋኝ እንሰጠዋለን፣ አለቀ። እኛ የማንምረው ውሸትን ብቻ ነው። አለ ወይስ የለም?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አሁን «አለ» ቢል ቅድም ዋሽቷል ማለት ነው፤ ግሌኒስንም ለባዕድ አሳልፎ መስጠት ነው።

«የለም አልኩሽ።»

«ጥሩ። እኔ እስካሁን የሚከለክልህ ነገር አላየሁም።» እስክሪብቶዋን ከደነች። «በል እንግዲህ፣ በከተማችሁ እራት የት ይበላል?»

የሚበላው ያው ማሽኖቹ ያሉበት የቀድሞ ወታደሮች ክበብ ብቻ ነው። ኔቪል እንግዳን ብቻዋን መስደድ ነውር ሆነበትና አብሯት ሄደ። ደግሞስ ምን ያስፈራዋል? ግሌኒስ በአባቷ አጥንት ምላለች።

ባንኮኒው ጋ ሲደርሱ እንደ አገሩ ወግ ለሁለቱም ቢራ አዘዘ። ብሮንዊን ቶሎ ብላ የራሷን ሂሳብ አስቀመጠች።

«ካንተ ውሃ እንኳ ብጠጣ ሥራዬን አጣለሁ።»

ጥግ የተቀመጠው ዎል ሳቁን ለቀቀው። «ኔቭ! የሰው ቢራ የማይጠጣ ሰው እዚህ አገር ስታይ ይኸው የመጀመሪያህ ነው። ፎቶ አንሳት!»

ኔቪልም ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ከሆዱ ሳቀ።

ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እንደየማታው መብራቱ ደበዘዘ። በየቀኑ በዚህች ሰዓት ጦር ሜዳ የቀሩት ይታሰባሉ። በላተኛው ሹካውን፣ ጠጪው ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሳ። የክበቡ ሊቀመንበር ጥቂት ቃል ተናገሩ፤ ከዚያ ጸጥታ ሆነ። በዚያች ደቂቃ ቤቱ በእሳት ቢያያዝ እንኳ የሚነቃነቅ ሰው የለም።

በጸጥታው መሃል፣ ከማሽኖቹ አዳራሽ፣ የፈረስ ኮቴና የመለከት ድምፅ ተነሳ። አንዱ ማሽን ነው። አንድ ሰው መብራቱ ሳይደበዝዝ ተጭኖት ኖሮ ዕድል ላይ ወድቆ፣ አሁን ብቻውን እየዞረ ይዘፍናል። ኔቪል በጆሮው ለየው፤ መስኮቱ ሥር ያለው ነው፣ የግራ ድምፅ ማጉያው ተቀዶ የሚንተፋተፈው። አንገቱን ሳያዞር ዓይኑን ብቻ ላከ።

ግሌኒስ ናት። እጇን ከማሽኑ አንስታ፣ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ጦር ሜዳ ለቀረው አባቷ ራሷን ደፍታ ቆማለች።

ሄዶ በጓሮ በር ሊያስወጣት ይችላል፤ ቅርብ ናት። ግን ዕድሜውን ሙሉ በዚህች ደቂቃ ተነቃንቆ አያውቅም፤ እግሩ እምቢ አለው። ቶሎ መብራቱ ይምጣና ይቺን መርማሪ ይዤ ልውጣ እያለ ለመነ።

መብራቱ መጣ። እሱ አፉን ሳይከፍት እሷ አየችው።

«ኔቭ! ኔቭዬ!» እየሮጠች መጥታ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች። «ሰማኸው? በአባቴ ደቂቃ እኮ ነው! ከጠዋት ጀምሮ ሲበላኝ ውሎ አሁን ለቀቀልኝ። ምልክት ነው፤ ፈቃድህን ይሰጡሃል!»

ብሮንዊን ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ማናት?»

«ባለቤቴ ናት» አለ ኔቪል።

«ደግሜ ጠይቄህ ነበር እኮ» አለች። ቁጣ የለባትም፤ ያዘነች ትመስላለች። ቦርሳዋን አንስታ፣ ያዘዘችውን ምግብ ሳትጠብቅ ወጣች።

ግሌኒስ በሩን አየች፣ ባሏን አየች። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም» አላት። ለእሷ ለራሷም ቢሆን አላሳበቀባትም።

እጁን ይዛ ወደ ማሽኑ ወሰደችው፤ አጠገቧ ተቀመጠ። የሰጣትን መልሶ መብላት ጀምሯል። የተቀደደው ማጉያ ጆሮው ሥር ይንተፋተፋል፤ ሁለት ብሎን ፈትቶ መቀየር ነው፣ ሌላ ምንም ሥራ የለውም። ሳያስበው እጁን ወደ ማሽኑ ጎን ዘረጋ። ወዲያው ያለ ፈቃድ መንካት ክልክል መሆኑ ትዝ አለውና መልሶ ኪሱ ከተተው።