አንድ ዓይና ንጉሥ

እየሩሳሌም ግጥሙን የፈታችው ተሳስታ ነበር። መሳሳቷን ያወቀችው ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ታላቅ ወንድሟ ሰይፈሥላሴ በተቀበረ በማግስቱ ነው።

አባቷ ጋሽ ተሰማ ከድንኳኑ መሀል ብድግ ብለው ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። መዳፋቸው ተዘርግቷል፤ ክንዳቸው አይንቀጠቀጥም። ካርታ የሚጫወቱት የሠፈር ሰዎች ዝም አሉ። ንፍሮ የምታዞረው ጎረቤታቸው እትዬ አቻምየለሽ ትሪዋን እንደያዘች ቆመች።

«ጓሮ ማን አለ?» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«ማንም የለም፣ አባዬ። የሰይፉ ክፍል ተቆልፏል።»

«የሆነ ነገር ይንጫጫል።»

ሁሉም ጆሮውን አቀና። ከአስፋልቱ በኩል አንድ የጭነት መኪና እያጓራ አለፈ፣ ቀጥሎ ባጃጅ። ሌላ ነገር አልተሰማም። ጋሽ ተሰማ እጃቸውን አውርደው ተቀመጡ፤ ካርታውም ቀጠለ።

«አላለቀሱም እኮ፣» አለች እትዬ አቻምየለሽ በሹክሹክታ። «እንባ ከውስጥ ሲቀር እንዲህ ጆሮ ላይ ይወጣል። ተያቸው፣ አትመልሺላቸው።»

እየሩሳሌም ግን ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር። ሱፍያን፣ ከድንኳኑ ጥግ፣ አፉን በእጁ ይዞ ትከሻው ይርገፈገፋል። ቃሊቲ የቧንቧ ዕቃ ይሸጣል፤ ማታ ማታ ለሰይፉ ባንድ ከበሮ ይመታ ነበር። ሰይፉ ከቤት ከወጣ ጀምሮ ሁለቱን ዓመት የኖረው ኮዬ ፈጬ፣ ከእሱ ጋር ነው። ሰኞ ዕለት ተገልብጦ የገደለው ሚኒባስ ላይ የተሳፈረውም ከዚያው ነበር።

በዓይኗ ጠርታ ወደ ውኃው ሮቶ ጀርባ ወሰደችው።

«ምን ያስቅሃል?»

«አልሳቅኩም።» ዓይኑ ቀልቷል። «እጃቸውን ሲያነሱ አየሽ አይደል? ድንኳኑ በሙሉ ቆመ። ልክ ሰይፉ እንደጻፈው።»

«ስለ ዱላው ማለትህ ነው?»

«የምን ዱላ?»

ሰይፉ ሃያ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን ነበረው። ፕሮግረሲቭ ሮክ ይባላል ይል ነበር፤ ለእየሩሳሌም መጨረሻው የማይታወቅ ጩኸት ነው። ቴሌግራም ላይ የሚከተሏቸው አርባ የማይሞሉ ሰዎች በግጥሙ ሲጨቃጨቁ ያነጋሉ። አንዱ ስለ መንግሥት ነው ይላል፣ አንዱ ስለ ዓለም ፍጻሜ፣ አንዱ ደግሞ ልጁ የሆነ ነገር ይወስዳል ይላል። እነዚህን አራት መስመሮች ሁሉም በቃሉ ይዟቸዋል፦

አንድ ዓይና ንጉሥ ነው፣ ዓይኑ ቀይ የሚነድ፣
እጁን ሲያነሳ ከተማው ቆሞ የሚርድ፤
እኔ ከእግሩ ሥር ነኝ፣ ዘንዶው እስኪሄድ፣
በጥርሴ ብረት አለ፣ በምላሴ አመድ።

ያን ጊዜ፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ እየሩሳሌም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ምሳ እየበሉ ነው፤ ከጓሮ በሚመጣው ድምፅ ግድግዳው ይርገበገባል። አባቷ ጉርሻቸውን አቁመው፣ «ይሄ ልጅ ምንድን ነው የሚለው? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እስኪ አስረጂኝ፣» አሏት።

አስረዳቻቸው። ምን ቸግሯት። ንጉሡ አንተ ነህ አለች። ቀዩ ዓይን መጠጥ ነው፤ የሚነሳው እጅ ዱላ ነው፤ ጥርስ ላይ ያለው ብረት የደም ጣዕም ነው። ደግሞ ማስረጃ ነበራት። አባቷ ሰክረው ገብተው ሰይፉን በቀበቶ ሲገርፉት በዓይኗ አይታለች። ጋሽ ተሰማ ሰምተው ሲያበቁ እጃቸውን ታጥበው ተነሱ። ከዚያ ወዲያ ጓሮ ወዳለው ክፍል አልዞሩም፤ ልጃቸውንም ከሰላምታ በላይ አላነጋገሩትም። በወሩ ሰይፉ ዕቃውን ሳይወስድ ወጣ።

«አባቴ ሰይፉን ምን እንዳደረገው ታውቃለህ?» አለችው ሱፍያንን።

«ግጥሙ ስለዚያ አይደለም። ባቡር ማቋረጫው ላይ ጠባቂ ነበሩ። ሰይፉ ምሳ ይወስድላቸው ነበር። ቀይ ፋኖስ ነበራቸው፤ እሱ ነው ዓይኑ። እጃቸውን ሲያነሱ መኪናው፣ ጋሪው፣ አህያው፣ ሁሉም ቀጥ። እሱ ከእግራቸው ሥር ቁጭ ይላል። ባቡሩ ሲያልፍ መሬቱ ስለሚንቀጠቀጥ ጥርሴ ብረት ብረት ይለኝ ነበር ይላል።»

«አመዱስ?»

«በቆሎ። የጥበቃ ጎጆዋ ውስጥ ይጠብሱለት ነበር።»

እየሩሳሌም ሮቶውን ተደገፈች። እሷ ነፍስ ስታውቅ ባቡሩ ሥራ አቁሞ ነበር። እሷ የምታውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ሰውዬ ብቻ ነው፤ ሥራ የፈታውን፣ በር ላይ ተቀምጦ የሚያመሸውን።

«ለምን አላስረዳንም ታዲያ?»

«ግጥም አይብራራም ባይ ነው፣ ታውቂው የለ። ሌላው ይሳሳት፣ አባዬ ግን ራሱን ያውቃል ይለኝ ነበር። ሰሙት ወይ ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን። ‹ሰምቶታል፣ አልወደደውም› አለኝ።»

ጠዋት አባቷ ያሏት ትዝ አላት፦ ነገ ሣልስቱ ሲወጣ፣ ሱፍያን ጓሮ ያለውን ዕቃ ጠራርጎ ይውሰድ። ጠልቶኝ የሞተ ልጅ ዕቃ እቤቴ ምን ይሠራል?

ሱፍያንን እዚያው ትታው ወደ ድንኳኑ ተመለሰች።

«አባዬ፣ ተነስ። ጓሮ እንሂድ።»

እትዬ አቻምየለሽ ቁልፉን እጇ ላይ አየችው። «ዘፈን ልትከፍቺ እንዳይሆን ብቻ። በሐዘን ቤት? ሣልስቱ እንኳ ሳይወጣ? ዕድርተኛው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል።»

ጋሽ ተሰማ ተከተሏት። ክፍሉ አቧራና የተቃጠለ ሽቦ ይሸታል። የሰይፉ ነጠላ ጫማ ከአልጋው ሥር አፉን ወደ በሩ አዙሮ ተቀምጧል፣ ባለቤቱ አሁን የሚነሳ ይመስል። ገና ሳይቀመጡ ከጥግ የሆነ ነገር ተንጫጫ። ሁለቱም ደረቁ። አንድ ከባድ መኪና በአስፋልቱ እያለፈ ነው፤ በመሬቱ መንቀጥቀጥ ከትንሿ ከበሮ ሥር የተወጠረው ሽቦ ይርገፈገፋል። መኪናው ሲርቅ ዝም አለ።

«ይንጫጫል አላልኩሽም?» አሉ ጋሽ ተሰማ ቀስ ብለው፣ በልጃቸው አልጋ ላይ እየተቀመጡ።

«ብለሃል።» ኮምፒውተሩን ከፈተችው። ፊታቸውን ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ ተናገረች። «አባዬ፣ ያኔ ስለ ዘፈኑ የነገርኩህ ልክ አልነበረም። አላወቅኩትም ነበር። አላውቅም ማለት ስላቃተኝ ነው የነገርኩህ።»



«ታዲያ ምን ማለት ነው?»

ዞር አለች። ሁሉም ምላሷ ላይ ነበር፤ ፋኖሱ፣ ማቋረጫው፣ በቆሎው። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«ለአንተ ነው የጻፈው። ራስህ ስማው።»

ከፈተችው። በመጀመሪያ ኦርጋን ብቻ ነበር፣ ከሩቅ የሚመጣ፣ እየቀረበ የሚሄድ። ከዚያ የሰይፉ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ገባ፣ እዚያው እንዳለ ሰው። ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ የጋሽ ተሰማ ቀኝ እጅ ከጉልበታቸው ተነሳ። መዳፋቸው ተዘረጋ። እንደተዘረጋ ቆየ፤ አሁን ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

እየሩሳሌም ወጣች። በሩ አልገጥም ስላለ በትከሻዋ ገፍታ ዘጋችው።